ሳተላይት እንዳይቃጠል ማን ያበርደዋል? የአረቄ ገንቦና የአሞኒያ ቱቦ ነገር

ጎንደር ፒያሳ ላፕቶፕ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ባለፈው ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ውስጥ ያለው ደንበኛ ስልኩ ላይ ያነበበውን ያወራል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆኑ ዳታ ሴንተሮችን፣ ብዙ ኮምፒዩተር የሚታጎርባቸውን ማዕከሎች ማለት ነው፣ ህዋ ላይ ለማውጣት ታስቧል አሉ። «ብልጦች ናቸው» አለ። «እዚያ እኮ ብርድ ነው። ማቀዝቀዣ በነፃ!»

ጓደኛዬ ቀና እንኳ አላለም። ፊቱ የተፈታ ላፕቶፕ አለ። በወረንጦው ጫፍ አንዲት ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ነካ አደረገ። «ነፃ ቢሆን ኖሮ የዚችን እህት ሳተላይት ውስጥ ለምን ይከቷታል?» አለ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ያቺ ቱቦ ሙቀት የምታጓጉዝ ናት፤ ሳተላይት ውስጥም ዘመዶቿ አሉ። ልዩነቱ ያለው በብዛት ውስጧ ባለው ጥቂት ፈሳሽ ላይ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ሳተላይት ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሞኒያ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ህዋ ብርድ አይደለም እንዴ?

ፔርሙዝ አስቡ። ጠዋት የተሞላው ሻይ ከሰዓትም ትኩስ ነው። ሚስጥሩ በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል አየር አለመኖሩ ነው። ሙቀቱ ተሳፍሮ የሚወጣበት ነገር አጣ። ህዋም እንደዚያው ነው። ዳር የሌለው ፔርሙዝ በሉት።

እዚህ ጎንደር የጋለ ነገር በሦስት መንገድ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ያጋባበታል። ነፋስ ይወስድለታል። ወይም ሙቀቱን እንደ ብርሃን ዙሪያውን ይረጫል። ከሰል ምድጃ ፊት ስንቀመጥ ፊታችንን የሚለበልበን ይሄ ሦስተኛው ነው። ሳተላይት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አላገኘም። የሚነካው የለ፣ የሚነፍስበት የለ። የቀረው መርጨት ብቻ ነው። ይህም በተለመደው የመሣሪያ ሙቀት ላይ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰፊ ገላ ይፈልጋል።

በዚያ ላይ ፀሐይ አለች። በመሬት አካባቢ ባለው ህዋ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ገደማ ታሳርፋለች። ቤት ያለችውን ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ እስከ መጨረሻው እንደ መለኮስ ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ፀሐይ የሚመታው ጎን እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊግል ይችላል። ጥላ የገባው ጎን ደግሞ ከዜሮ በታች 157 ሊደርስ ይችላል። ጣቢያው መሬትን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። በእኛ አንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ 16 ጊዜ ትወጣለታለች ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱ ጎን ሲጠበስ ሌላው ይበረዳል። መሀል ላይ ደግሞ ሬዲዮው፣ ባትሪውና ኮምፒዩተሩ የራሳቸውን ሙቀት ያመነጫሉ። ይህ ሙቀት ከሳጥኑ ተነስቶ ወደ ጨለማው ፊቱን ያዞረ ሰፊ ገበታ ላይ መድረስ አለበት። ገበታው ራዲያተር ይባላል፤ ከመኪናው ራዲያተር የሚለየው ነፋስ ስለሌለው ነው። ከሳጥኑ እስከ ራዲያተሩ ግን አንድ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ቀላል፣ መብራት የማይበላ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት የማይበላሽ ተሸካሚ። ጠጋኝ የሚላክበት ቦታ አይደለማ።

ተሸካሚው እንዴት ያለ ነው?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል።

አክስቴ አዘዞ አረቄ ታወጣ ነበር። ድፍድፉ ያለበት ገንቦ እሳት ላይ ተጥዷል። አፉ በሊጥ ተመርጓል። ከገንቦው የተነሳ መቃ ቁልቁል ወደ ሌላ ዕቃ ይወርዳል። ይህ ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ ተቀምጧል። የእኔ ሥራ አንድ ነበር። የገበቴውን ውሃ በእጄ እየነካሁ «ሞቀ!» ብሎ መጮህ። ከዚያ ውሃው ይደፋል፣ ሌላ ይሞላል። ሳልጮህ ከዘነጋሁ ጆሮዬ ነው የሚሞቀው።

እሳቱ ግን ከገበቴው በደንብ ይርቃል። ታዲያ ውሃውን ማን አሞቀው? እንፋሎቱ ነው። ገንቦው ጋ ሙቀት ተሸክሞ ተነሳ። በመቃው ሄደ። ቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ሸክሙን አውርዶ ፈሳሽ ሆነ። አክስቴ የምትፈልገው ፈሳሹን ነው። የሳተላይት መሐንዲሶች ግን አረቄውን ትተው የገበቴውን መሞቅ ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛው ግማሽ የኩራዝ ጉዳይ ነው። ላምባው ታች ነው፤ እሳቱ ላይ። ማንም ሽቅብ አይገፋውም። ክሩ ራሱ እየመጠጠ ያወጣዋል።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉ። ሁለቱም ጫፎቹ የተደፈኑ ቱቦ ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል። የውስጥ ግድግዳው ክር የሚመስል ነገር ለብሷል፣ ወይም ቀጫጭን ቦዮች ተቀደውበታል። ጥቂት ፈሳሽ ገብቶ ታሽጓል። የጋለው ጫፍ ላይ ፈሳሹ ይተናል። እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል። እዚያ ሙቀቱን ለግድግዳው አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በክሩ ውስጥ ተስቦ ወደ ጋለው ጫፍ ይመለሳል። ድፍድፉን ራሱ እየመለሰ የሚሞላ የአረቄ ገንቦ እንደማለት ነው። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው።

ፈረንጆቹ ሂት ፓይፕ ይሉታል። እኔ የሙቀት ቱቦ ልበለው። ውስጡ የሚመላለሰውን ደግሞ ተመላላሽ ፈሳሽ።

ጓደኛዬ አንድ አሮጌ ቱቦ በፒንሳ ቆርጦ አሳየኝ። ይፈሳል ብዬ እጄን ከሥር ዘረጋሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ የመዳብ ብናኝ ተጋግሯል። በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ብቻ ነው። አንድን ፕሮሰሰር ለዓመታት ከመቃጠል ያዳነው ያ እርጥበት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ጎግለር በ1944 የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ ያኔ ግን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በ1963 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጆርጅ ግሮቨር ለብቻው ደረሰበትና ስሙን አወጣለት። በ1967 ውሃ የያዘ ቱቦ ህዋ ላይ ተሞከረ። በ1968 የተመጠቀችው ጂኦስ ቢ የምትባል ሳተላይት ፍሪዮን የሚባል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የያዙ ቱቦዎችን ለሥራ ተጠቀመች።

በብረት ዘንግ ማስተላለፍ አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ይከብዳል፤ ይዘገያልም። የመተነን ጉልበት የሚገባው እንጀራ የጋገረ ሰው ነው። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ያገኘው እጅ፣ የፈላ ውሃ ከነካው እጅ የባሰ ይቃጠላል። አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። እዚያው 100 ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን 2,257 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ። ይህን ሁሉ ሲውጥ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ድብቅ ሙቀት ይባላል። እንፋሎቱ እጅ ላይ ፈሳሽ ሲሆን የደበቀውን ሁሉ ያራግፈዋል። ቱቦው የሚሠራው በዚሁ ነው። ትንሽ ፈሳሽ ብዙ ሙቀት ይሸከማል፤ የሁለቱ ጫፎች የሙቀት ልዩነት ደግሞ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይወሰናል።

ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደል? ሳተላይቱ እስኪፈላ ይጠበቃል?

ጎንደር ላይማ በ100 አይፈላም። ከተማችን 2,133 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መተማ ብትወርዱ ወደ 98 ይጠጋል። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ጀበና ብትጥዱ 85 ላይ ይንተከተካል። ደባርቅ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው ለዚሁ ነው። ውሃው ፈልቷል፣ ግን በቂ አልጋለም።

ፈሳሽ እንዳይፈላ ተጭኖ የሚይዘው አየሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፈሳሹ ቶሎ ይለቃል። የሙቀት ቱቦ ውስጥ ደግሞ አየር ጭራሽ የለም። ከፈሳሹና ከራሱ እንፋሎት ሌላ ማንም የለም። ስለዚህ በ30 ዲግሪም፣ በ50 ዲግሪም ይተናል። «የሚፈላበት ዲግሪ» የሚባል አንድ ቁጥር እዚህ አይሠራም። ወሳኙ ሌላ ነው፦ ፈሳሹ መሣሪያው በሚውልበትና በሚያድርበት ሙቀት ላይ ሁሉ ሳይረጋ፣ እንፋሎቱም ሳይሳሳ መመላለስ መቻሉ።

ታዲያ ውሃ ምን አደረገ?

በሸክም ብቻ ቢሆን ውሃ ጀግና ነው። ድብቅ ሙቀቱ ትልቅ ነው። በክር ውስጥም አጥብቆ ይሳባል። ላፕቶፕ ውስጥ የተመረጠው ለዚህ ነው። ህዋ ላይ ግን ሁለት ነገር ይጥለዋል።

አንደኛው ብርድ ነው። ሳተላይቱ ጥላ ሲገባ ራዲያተሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውሃው ይረጋል። የረጋ ነገር አይመላለስም። ሲረጋም 9 በመቶ ያህል ያብጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው። ከመርጋቱ በፊትም ቢሆን ይደክማል። በ10 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ግፊቱ ከባሕር ጠለል አየር ግፊት ከሰማንያ አንዱ እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ያን ያህል የሳሳ እንፋሎት ብዙ ሸክም አያነሳም።

ሁለተኛው ጠብ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር። ሳተላይት አሉሚኒየምን የሚወደው ስለሚቀል ነው። መዳብ በተመሳሳይ መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል፤ ወደ ህዋ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ዋጋው የትየለሌ ነው። ውሃና አሉሚኒየም አብረው ሲታሸጉ ግን ቀስ በቀስ ይበላላሉ። ከዚያ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል።

ሃይድሮጂኑ ምን ያደርጋል? መጨረሻ ላይ የማይወርድ የታክሲ ተሳፋሪ አስቡ። እንፋሎቱ እየገፋ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ያደርሰዋል። እንፋሎቱ እዚያ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ሃይድሮጂኑ ግን ወደ ፈሳሽ አይለወጥም፤ እዚያው ተዘፍዝፎ ይቀራል። ነገ ሌላ ይጨመራል። ከወራት በኋላ ቀዝቃዛው ጫፍ በጋዝ ይዘጋል። እንፋሎቱ ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ ያጣል።

«ሻይ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ አሉሚኒየም አይደል? ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እሱም ይበላል፤ ውስጡ ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን የሚወጣው ጋዝ ኢምንት ነው፤ በአፉ ተኖ ይሄዳል። የታሸገው ቱቦ አፍ የለውም።

ይህ ችግር የሆነው ጋዝ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ይገባል። ትንሽ ናይትሮጂን ወይም አርጎን ጨምረው በቀዝቃዛው ጫፍ በኩል ያስቀምጡታል። መሣሪያው ሲግል እንፋሎቱ ጉልበት አግኝቶ ጋዙን ይገፋዋል፤ ራዲያተሩ ይከፈታል። መሣሪያው ሲበርድ ጋዙ ተመልሶ ይሰፋና ራዲያተሩን ይዘጋል። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ በር ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ብልሃት ይሄ ነው።

አሞኒያ በምን ይበልጣል?

ጠዋት የከብት በረት ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣል። እሱ አሞኒያ ነው። ቱቦ ውስጥ የሚገባው ያው ነገር ነው፤ ብቻ እጅግ የተጣራ።

ሸክሙ ከውሃ ያንሳል፤ በኪሎ ግማሽ ያህል ነው። ግን የሚረጋው ከዜሮ በታች 77.7 ዲግሪ ላይ ነው። ሳተላይቱ ጥላ ገብቶ ሲወጣ አሞኒያው ሥራ ላይ ነው። ከዜሮ በታች 60 አካባቢ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እስከሚችለው ሙቀት ድረስ ያገለግላል። ከ132 ዲግሪ በላይ ግን ፈሳሽና እንፋሎት የሚባል ልዩነት ስለማይኖረው አይሆንም። ከሁሉ በላይ ከአሉሚኒየም ጋር ተስማምቶ ይኖራል። አምራቾች አሉሚኒየሙን ማካሮኒ እንደሚወጣበት ማሽን ባለ ቀዳዳ ቅርጽ ገፍተው ያወጡታል። ቱቦው የውስጥ ቦዮቹን ይዞ ነው የሚወለደው። ክር ማልበስ ቀረ።

ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አሞኒያው ደረቅ መሆን አለበት። ከ99.99 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ ይሞላል። ትንሽ የውሃ ርዝራዥ ከገባ ያ ሃይድሮጂን ይመለሳል።

ግፊቱም ቀላል አይደለም። አሞኒያ የሞላ ቱቦ በ20 ዲግሪ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ውስጡ ከባሕር ጠለል አየር ስምንት እጥፍ ተኩል ይገፋል። 50 ዲግሪ ሲሆን ወደ 20 እጥፍ ይወጣል። መርዝም ነው። ስለዚህ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አይገባም። የጠፈር ጣቢያው ሙቀት የሚጓጓዘው በዋናነት በፓምፕ በሚገፉ ትልልቅ መስመሮች ነው፤ ጥንቃቄው ግን ያው ነው። በአሜሪካኖቹ በኩል ሰዎቹ የሚኖሩበት ውስጥ የሚዞረው ውሃ ነው፤ ውጭ ያለው አሞኒያ። ሁለቱ የሚገናኙት ሙቀት በሚለዋወጡበት ዕቃ ላይ ነው። ጥር 14 ቀን 2015 በእነሱ አቆጣጠር፣ «አሞኒያ ገባ» የሚል ደወል ጮኸ። በአሜሪካው ክፍል የነበሩት ሁሉ ወደ ሩሲያው ክፍል ሸሽተው በር ዘጉ። ኋላ ሲጣራ የገባ አሞኒያ የለም፤ ስህተቱ የኮምፒዩተር ነበር።

መሬት ላይም ሥራ አለው። አላስካ ውስጥ በረዷማ መሬት ላይ የተዘረጋው የነዳጅ መስመር ከ120 ሺህ በላይ አሞኒያ የያዙ ቱቦዎች አሉት። ምሰሶዎቹ የቆሙበት መሬት ሙቀት ወደ አየሩ እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ በረዶው ቀልጦ ምሰሶው እንዳይዘም።

አሞኒያም ከረጋ ወይም ሙቀቱ ከበዛበትስ?

ለባሰ ብርድ ሌሎች አሉ። ፕሮፒሊን የሚረጋው ከዜሮ በታች 185 ላይ ነው። ኤቴንም እዚያው አካባቢ። የጨረቃ ሌሊት ሁለት ሳምንት ያህል ይረዝማል፤ እዚያ አሞኒያ ደርቆ ሲያድር እነዚህ ፈሳሽ እንደሆኑ ያድራሉ። ሸክማቸው ግን ከአሞኒያ ያንሳል። ሜታኖልም ለብርድ ጥሩ ነበር፤ እሱም ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም።

በላይኛው ጫፍ ነገሩ ሌላ ነው። ለኒውክሌር ማመንጫ የሚሆነው ፈሳሽ የቀለጠ ብረታ ብረት ነው። ሶዲየም በ98 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ በ883 ይፈላል። ሊቲየም የሚፈላው ከ1,300 በላይ ነው፤ ድብቅ ሙቀቱም በኪሎ ከውሃ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። በ2018 ኔቫዳ ውስጥ ለህዋ የታሰበ አነስተኛ የኒውክሌር ማመንጫ ተሞክሮ ነበር፤ ክረስቲ ይባላል። 800 ዲግሪ ገደማ የጋለውን እምብርት ሙቀት ያወጡት ስምንት የሶዲየም ቱቦዎች ነበሩ። ሙከራው 28 ሰዓት ፈጀ።

ፈሳሽ መምረጥ ጫማ እንደ መምረጥ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው እግሩ ነው።

ህዋ ላይ የሚሠራን ነገር መሬት ላይ እንዴት ይሞክሩታል?

አስቸጋሪው ይሄ ነው። ህዋ ላይ ስበቱ ስለማይሰማ ቦዮቹ ፈሳሹን ያለ ተቃውሞ ይስቡታል። እዚህ ግን ቁልቁል የሚጎትተው አለ። ባለ ቦይ የአሞኒያ ቱቦ ፈሳሹን ሽቅብ ማንሳት የሚችለው አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከዘመመ የጋለው ጫፍ ይደርቃል፤ ላምባ እንዳለቀበት ኩራዝ።

ቱቦው ፈተናውን ሊያጭበረብርም ይችላል። የጋለው ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ካዘመመ ፈሳሹ በራሱ ተንሸራቶ ይመለሳል። ቦዩ ባይሠራ እንኳ ቱቦው ፈተናውን ያልፋል። ህዋ ላይ ሲደርስ ግን ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም፤ ተንሸራቶ የሚመልስለት አያገኝም።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ይዘው ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ያስተካክሉታል። ከዚያ የጋለውን ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከፍ ያደርጉታል፤ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል። ማሞቂያውን ከፍተው የሁለቱን ጫፎች ቴርሞሜትር ይመለከታሉ። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ከቆዩ ፈሳሹ ዳገቷን ወጥቷል።